ከኦሞ ዳር እስከ ጂንካ ገበያ፦ የዓሣ ታሪክና የሰው ጤና

ስለ ዓሣና ስለ በሽታ መጻፍ የሐኪሞች ወይም የሥነ ሕይወት ተማሪዎች ድርሻ ነው የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። እኛ ግን ጉዳዩን በታሪክ በኩል ለመመልከት አሳብ አድርገናል። ምክንያታችንም ይህ ነው። በደቡብ ኦሞ ዓሣ ሰውን ይጎዳል ወይስ አይጎዳም ለሚለው ጥያቄ መልሱ የሚገኘው ከዓሣው ሥጋ ብቻ አይደለም፤ ዓሣውን የሚበላው ማን ነው፣ ምን ያህል መንገድ ተጉዞ ይደርሰዋል፣ በምን ውሃ ይታጠባል ከሚሉት ነገሮች ነው። እነዚህም ሁሉ የየራሳቸው ታሪክ አላቸው። በጽሑፋችን የተመለከቱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢው ይገንዘብልን።

አስቀድመን ስለ አገሩ ጥቂት እንበል። የኦሞ ወንዝ ከምዕራቡ ደጋ ተነሥቶ፣ ግቤንና ጎጀብን ተቀብሎ፣ ወደ 760 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ ቀድሞ ሩዶልፍ ይባል ወደ ነበረው ወደ ቱርካና ሐይቅ ይገባል። ወደ ሐይቁ ከሚገባው ውሃ ከመቶ 80 የሚበልጠው የኦሞ ነው። ሐይቁ መውጫ የለውምና ውሃው ሶዳ የበዛበት ነው፤ የኬሚስቶች መለኪያ የሆነው ፒኤች ከ9 በላይ ይደርሳል። ይህን ነገር አንባቢው በልቡ ይያዝልን፣ ወደ በኋላ እንመለስበታለን። በወንዙ ዳር ያለችው ኦሞራቴ ከባሕር ወለል በላይ ከ400 ሜትር በታች ስትሆን፣ በቀድሞው አጠራር በጋሞ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት በገለብና ሐመር ባኮ አውራጃ፣ ዛሬ ደግሞ በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል የምትገኘው ጂንካ ከኦሞራቴ ከ1,000 ሜትር በላይ ከፍ ብላ ተቀምጣለች። በሁለቱ መካከል ያለው መንገድ ወደ 200 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ለበሬ ነጂ ይህ የብዙ ቀን መንገድ ነው፤ ለመኪና የግማሽ ቀን ነው። ለሞተ ዓሣ ግን፣ እንደምንመለከተው፣ እጅግ ረጅም መንገድ ነው።

በዚህ አገር የሰውና የውሃ ፍጥረት ግንኙነት እጅግ ጥንታዊ መሆኑ የታወቀ ነው። በ1967 በሪቻርድ ሊኪ የሚመራው ቡድን በኪቢሽ አጠገብ የሰው ራስ ቅል ባገኘ ጊዜ፣ ዕድሜው 130 ሺህ ዓመት ያህል ነው ተብሎ በመጀመሪያ የተገመተው በአፈሩ ውስጥ አብረው ከተገኙት የወንዝ ኦይስተር ዛጎሎች ነበር። በኋላ የእሳተ ገሞራው ዐመድ ሲመረመር ዘመኑ በ2005 ወደ 195 ሺህ፣ በ2022 ደግሞ ቢያንስ ወደ 233 ሺህ ዓመት ከፍ ብሏል። ያን ጊዜ የነበረው ሰው ኦይስተሩን በልቶታል ማለታችን አይደለም። ዓሣ ስለ መብላት ግን ከዚያ በጣም ወዲህ የማያጠራጥር ምስክር አለ። ፍራንክ ብራውን በ1975 ከታችኛው ኦሞ ሸለቆ የተገኙ፣ ከአጥንት የተቀረጹ፣ ጠርዛቸው ጥርስ የወጣለት የዓሣ መውጊያ ጫፎች መኖራቸውን ጽፏል። እነዚህም ሐይቁ ከዛሬው እጅግ ሰፊ በነበረበት በዝናባማው ዘመን የተሠሩ ናቸው። ከብት ወደ ሐይቁ ዙሪያ የደረሰው ከ5 ሺህ ዓመት ገደማ ወዲህ መሆኑን ስናስብ፣ በዚህ አገር ዓሣ ከወተት በፊት የሰው ምግብ እንደ ነበረ እንረዳለን። ዛሬ በከብት አርቢው ዘንድ ዓሣ የተናቀ ምግብ መሆኑን ለሚያውቅ ሰው ይህ የሚያስደንቅ ነው።

የውጭ አገር መንገደኞች ወደ ሐይቁ የደረሱት በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ነው። ካውንት ቴለኪና ፎን ሆኔል በ1888 ከደቡብ መጡ፤ ዳሰነችንም «ረሺያት» ብለው ጻፉ። ዶናልድሰን ስሚዝ በ1895 ደረሰ። ቦቴጎ በ1896 የኦሞን መጨረሻ ተከትሎ ወንዙ ወደዚህ ሐይቅ እንደሚገባ አረጋገጠ። በ1898 ደግሞ የዳግማዊ ምኒልክ ጦር በራስ ወልደ ጊዮርጊስ አዝማችነት እስከ ሐይቁ ወርዷል፤ ከጦሩ ጋር የነበረው ሩሲያዊው ቡላቶቪች ስለ ጉዞው መጽሐፍ ጽፏል። ለእኛ ጉዳይ የሚጠቅመን ግን በዚያው ዘመን የደረሰው የከብት እልቂት ነው። የከብት ደስታ በሽታ በምሥራቅ አፍሪካ ባለፈ ጊዜ ከብቱ ያለቀበት አርቢ ወደ ውሃው ዳር ወርዶ በዓሣ ነፍሱን ማቆየቱ በሐይቁ ዙሪያ ባሉት ሕዝቦች ታሪክ ውስጥ ተደጋግሞ የሚገኝ ነገር ነው።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እንመልከት። ኡሪ አልማጎርና ክላውዲያ ካር በ1970ዎቹ ዓመታት ስለ ዳሰነች ባወጧቸው ሥራዎች እንደ ተገለጸው፣ በዳሰነች ዘንድ ከብት የሌለው፣ በዓሣና በአዞ አደን የሚኖር ሰው «ዲየስ» ይባላል። ቃሉ ድኻ ማለት ነው። ዲየስ የተለየ ነገድ አይደለም። ዛሬ ዲየስ የሆነው ሰው ነገ ጥቂት ፍየል አግኝቶ፣ ፍየሉን በጥጃ ለውጦ ወደ አርቢነት ሊመለስ ይችላል፤ አርቢውም አንድ ክፉ የድርቅ ዓመት ወደ ወንዙ ዳር ያወርደዋል። እንግዲህ በዚህ አገር ዓሣ የመጠባበቂያ ጎተራ ነው ማለት ይቻላል። ከኦሞ ወደ ላይ ከፍ ሲሉ የሚገኙት ክዌጉም በወንዙ፣ በአደንና በንብ የሚኖሩ በመሆናቸው ከብት ባላቸው ጎረቤቶቻቸው ዝቅ ተደርገው ሲታዩ ኖረዋል።

የደገኛውም አስተያየት ከዚህ እጅግ የራቀ አልነበረም። በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ያደገው ሰው ዓሣን በጾም ወራት ያውቀዋል፤ በኦሪት ዘሌዋውያን እንደ ተጻፈው ግን ክንፍና ቅርፊት የሌለውን አይበላም። ስለዚህ ቅርፊት የሌለው አምባዛ ብዙ ጊዜ ይጣላል፣ ቆሮሶ ይፈለጋል፤ ባለ ዛጎል የውሃ እንስሳትማ ከናካቴው የምግብ ስም የላቸውም። ይህ ሥርዓት ሳይታሰብ አንድ ጥቅም አስገኝቷል ብንል ስሕተት አይሆንም። ኦይስተር ውሃውን እያጣራ የሚመገብ እንስሳ ስለ ሆነ በውሃው ውስጥ ያለውን ተሐዋስያን በአካሉ ውስጥ ያከማቻል። በ1902 በእንግሊዝ አገር በዊንቸስተርና በሳውዝሃምፕተን ከንቲባዎቹ ባደረጉት ግብዣ የፍሳሽ ቆሻሻ ከሚደርስበት ከኤምስዎርዝ የመጣ ኦይስተር የበሉ እንግዶች በታይፎይድ ታመው አንዳንዶቹ ሞተዋል። በ1924 እና በ1925 መካከልም በአሜሪካ በዚሁ ምክንያት ከ1,500 በላይ ሰዎች ታመው 150 ያህሉ ሞተዋል። ኢትዮጵያ ከዚህ ዓይነቱ መከራ የዳነችው በምርመራ ሳይሆን በምግብ ልማዷ ነው።

መናቁ ግን ጉዳትም አለው። የተናቀ ምግብ የሚመለከተው የለም። በአዲስ አበባ የፓስተር ተቋም ከ1950ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ሠርቶ በ1964 ወደ ማዕከላዊ ላቦራቶሪና ምርምር ተቋም ተለውጧል። የከብት ሥጋ በቄራ ይመረመራል፣ ማኅተም ይመታበታል። በወንዝ ዳር ግን ድኻ ለሚበላው ዓሣ ማን ማኅተም ይመታለታል?

አሁን ወደ ተሐዋስያኑ እንምጣ። በሕይወት ያለ ጤነኛ ዓሣ ሥጋው ከባክቴሪያ ንጹሕ ነው። ባክቴሪያ የሚገኘው በቆዳው፣ በመተንፈሻው ስንጥብና በሆድ ዕቃው ነው። ከእነዚህም ከፊሉ የውሃው ተወላጆች ሲሆኑ፣ ቀሪዎቹ እንግዶች ናቸው። ሳልሞኔላና ኤሸሪኪያ ኮላይ ትኩስ ደም ካላቸው ፍጥረታት አንጀት የሚወጡ እንጂ የዓሣ ተፈጥሮ አይደሉም፤ በዓሣ ላይ በተገኙ ጊዜ የሰው ወይም የከብት ዓይነ ምድር ወደ ውሃው፣ ወይም ወደ ቢላዋው፣ ወይም ወደ እጁ እንደ ደረሰ ይመሰክራሉ። ዓሣው ሲሞት የአካሉ መከላከያ አብሮት ይሞታል። በሙቅ አገር አንዳንድ ባክቴሪያ በ20 ደቂቃ ራሱን እጥፍ ሊያደርግ ይችላል፤ በዚህ ሒሳብ አንዱ በ7 ሰዓት ውስጥ ከ2 ሚሊዮን ይበልጣል። የሞቃት አገር ዓሣ በበረዶ ውስጥ ከ2 ሳምንት በላይ ሲቆይ ያለ በረዶ ግን በ12 እና በ20 ሰዓት መካከል ይበላሻል የሚባለው ስለዚህ ነው። የውሃው ተወላጅ ከሆኑት መካከል ደግሞ እጅግ የሚያሳስበው ቪብሪዮ የተባለው ወገን ነው። ፉጂኖ የተባለ ጃፓናዊ ሐኪም በ1950 በኦሳካ ግማሽ በደረቀ ትናንሽ ዓሣ ምክንያት 272 ሰዎች ታመው 20 በሞቱ ጊዜ ከዚህ ወገን አንዱን ለይቶ አውጥቷል። ያ የባሕር ተሐዋሲ ነው። የእኛን አገር የሚመለከተው ወንድሙ፣ የኮሌራው ቪብሪዮ ነው።

ኮሌራ ለኢትዮጵያ አዲስ እንግዳ አይደለም፤ በ19ኛው መቶ ዓመት ደጋግሞ አጥቅቷታል። በ1961 ከኢንዶኔዢያ የተነሣው ሰባተኛው የዓለም ወረርሽኝ በ1970 አፍሪካ ሲደርስ ኢትዮጵያም በዚያው ዓመት ተያዘች። በ2006 ከጋምቤላ ተነሥቶ በብዙ ክፍላተ አገር ተሠራጨ። በመንግሥት መግለጫዎች ስሙ ለብዙ ዓመታት «አጣዳፊ የተቅማጥና ትውከት በሽታ»፣ በአጭሩ «አተት» ነበር። ስለ ስሙ ብዙ መናገር አንፈልግም፤ ነገር ግን ኮሌራ ሲባል ሰው ውሃውን ያፈላል፣ ተቅማጥ ሲባል ግን ያልፋል ብሎ ይጠብቃል። በዚያው በ2006 በነሐሴ ወር ኦሞ ሞልቶ የዳሰነችን መንደሮች በሌሊት ከቦ ከ360 በላይ ሰዎች ገድሏል። ጎርፍ የሰውንና የእንስሳትን ዓይነ ምድር ጠራርጎ ወደ መጠጡ ውሃ ያወርዳል፤ በዚያ ውሃ ዓሣውም ይኖራል፣ ሰውም ይጠጣል፣ ዓሣውም ይታጠባል።

ዓሣ ራሱ ኮሌራን ያመላልሳል ወይ የሚለው ጥያቄ ለረጅም ጊዜ እንደ ቀልድ ይቆጠር ነበር። ኮሌራ የሰው በሽታ ነው፣ በሰው አንጀት ይኖራል፣ በሰው ቆሻሻ ይተላለፋል ተብሎ ነበርና። ሪታ ኮልዌልና ባልደረቦቿ ግን ይኸው ተሐዋሲ በውሃ ላይ ከሚንሳፈፉ ደቃቅ ፍጥረታት ጋር ተጣብቆ ለብቻው እንደሚኖር አሳዩ። በ2010 ደግሞ የእስራኤል ተመራማሪዎች ከቆሮሶ ወገን በሆኑ ዓሦች ሆድ ዕቃ ውስጥ የኮሌራውን ቪብሪዮ አግኝተው ዓሣ ማኖሪያውም ማመላለሻውም ሊሆን ይችላል ሲሉ ጻፉ። በዚያ የተገኙት አብዛኞቹ ወረርሽኝ የሚያስነሡት ዓይነቶች አለመሆናቸውን መግለጥ ይገባል። ቢሆንም ነገሩ ቀላል አይደለም። ዓሣው ደቃቁን ፍጥረት ይበላል፣ ወፉ ዓሣውን ይበላል፣ ወፉም ወደ ሌላ ውሃ ይበራል። ከላይ በልባችሁ ያዙልን ያልነውም እዚህ ላይ ይጠቅማል። ቪብሪዮ ሶዳ የበዛበትን ውሃ ይወዳል፤ በላቦራቶሪ ለማሳደግ የሚሠራበት ፈሳሽ ፒኤች ከ8 በላይ የሚደረገው ሌሎቹ ሲደክሙ እርሱ ስለሚበረታ ነው። የቱርካና ሐይቅ በሽታ አለበት ማለታችን አይደለም። ሰው በሽታውን ይዞ ቢመጣ ግን ውሃው የሚመቸው ይመስለናል።

እንግዲህ የወንዝ ዳር ሰው ይህን ሁሉ ሳያውቅ እንዴት ኖረ? መልሱ አጭር ነው፤ ዓሣውን ባጠመደበት ቦታ፣ በተያዘበት ቀን፣ በእሳት አብስሎ ይበላዋል፤ የተረፈውን ሰንጥቆ በፀሐይ ያደርቀዋል። በሥጋው ውስጥ ያለው ውሃ ከመቶ 25 በታች ሲሆን ባክቴሪያ ሊራባ አይችልም። የኦሞ በረሓ ፀሐይና ነፋስ ይህን ያለ ገንዘብ ይሠራል። የቀረው ጠላት ዝንብና ነቀዝ ነው፤ ዓሣውን ከመሬት አንሥቶ በቆጥ ላይ መስቀል ብዙውን ይከላከላል። ማድረቅ ግን ሥርዓት አለው። በ1991 በካይሮ ሆድ ዕቃው ሳይወጣ በጨው የተቀመጠ፣ ፈሲኽ የተባለ ዓሣ ሳያበስሉ የበሉ 91 ሰዎች ሆስፒታል ገብተው 18ቱ ሞተዋል፤ ምክንያቱም ቦቱሊዝም የተባለው መርዝ ነው። ሆድ ዕቃውን ቶሎ ማውጣት፣ ከማድረቅ በፊት የሚሠራ የመጀመሪያው ሥራ መሆኑን ከዚህ እንማራለን።

ነገሩ የተለወጠው ገበያ ሲመጣ ነው። ጂንካ የአስተዳደር ከተማ ሆና መምህሩም፣ ነርሱም፣ ነጋዴውም፣ ጎብኚውም በተሰበሰቡባት ጊዜ ትኩስ ዓሣ ተፈላጊ ሆነ፤ በተለይም በጾም ወራት። ደረቅ ዓሣ የድኻ ምግብ፣ ትኩስ ዓሣ ግን የምግብ ቤት ምግብ ሆነ። ስለዚህ የኦሞ ዓሣ ያለ በቂ በረዶ በጆንያና በሣጥን ሆኖ ያን 200 ኪሎ ሜትር እንዲወጣ ተፈለገ። በአንድ በኩል ይህ መልካም ነው፤ ዲየስ የነበረው ሰው መረብ ገዝቶ ገንዘብ ያገኛል፣ የተናቀውም ሥራ ይከበራል። በሌላ በኩል ግን ቀድሞ በአንድ ቀንና በአንድ ቦታ ያልቅ የነበረው ነገር በብዙ እጅ፣ በብዙ ቢላዋ፣ በብዙ ሰዓት ውስጥ ያልፋል። የባክቴሪያውን ሒሳብ ከላይ አይተናል።

በረዶ ቤት ይሠራ የሚል ሰው ይኖራል። ይህን የሚል ከሐይቁ ማዶ የሆነውን ይመልከት። በኬንያ በኩል በካሎኮል፣ ለቱርካና ሕዝብ ተብሎ፣ በኖርዌይ ገንዘብ ትልቅ የዓሣ ማቀዝቀዣ ፋብሪካ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ተሠርቶ ነበር። ዓሣውን በዚያ ሙቀት ማቀዝቀዝ ዓሣው ከሚያወጣው ዋጋ በላይ ሆነ፤ ንጹሕ ውሃም አልተገኘም። ወዲያውም ዓሣው በብዛት ይጠመድበት የነበረው የፈርጉሰን ሰላጤ የሐይቁ ውሃ በመቀነሱ ደረቀ። ከብታቸውን ትተው ወደ ዓሣ የመጡት ብዙዎች ባዶ እጃቸውን ቀሩ። ሕንፃው ቆሞ ቀረ፣ ሰዉም ወደ ደረቅ ዓሣ ተመለሰ። እኛ ከዚህ የምንረዳው በበረሓ ውስጥ ፀሐይን በመጠቀም ፈንታ ፀሐይን መዋጋት ውድ መሆኑን ነው። ለጂንካ ምግብ ቤት የሚሆን ጥቂት በረዶ ያስፈልጋል፤ ለብዙው ዓሣ ግን በሚገባ የተሠራ ማድረቂያ ቆጥ ይበልጣል ብለን እናምናለን።

ገበያው ከሩቅ ሲሆን ደግሞ ሌላ ፈተና አለ። በቱርካናም በቪክቶሪያም የሚገኘው ናይል ፐርች ከቪክቶሪያ ወደ አውሮፓ ይላክ ነበር። በ1997 መጨረሻ ኮሌራ በምሥራቅ አፍሪካ በተነሣ ጊዜ የአውሮፓ ኅብረት ከኬንያ፣ ከኡጋንዳ፣ ከታንዛኒያና ከሞዛምቢክ የሚመጣውን ትኩስ ዓሣ ከለከለ። የዓለም ጤና ድርጅት ክልከላው ተገቢ አይደለም ቢልም እስኪነሣ ድረስ ወራት አለፉ። የከሰረው አውሮፓዊው በላተኛ አልነበረም። በ1991 በፔሩ ኮሌራ ሲነሣም በሎሚ ብቻ ተለውሶ ጥሬውን የሚበላው ዓሣ ተከሰሰ፤ የከተማው የቧንቧ ውሃም አብሮ ተከሳሽ ነበር።

ጥሬ ዓሣን ካነሣን፣ በሐዋሳ ሐይቅ ዳር ጥሬ ዓሣ በዳጣ መብላት የታወቀ ልማድ ሆኗል፤ ከዚያም ወደ ሌሎች ከተሞች እየሄደ ነው። በሐዋሳ ዓሣው ከታንኳው ወርዶ በዓይናችን ፊት ይበለታል። በጂንካ ግን ዓሣው የሚደርሰው ከላይ የተናገርነውን መንገድ ተጉዞ ነው። በርበሬና ሎሚ ባክቴሪያን ይገድላሉ የሚለው ወሬ ሰውን አያድነውም፤ የሚገድለው እሳት ነው። እሳቱም ቢሆን ጥሬው በተከተፈበት መክተፊያ ላይ የበሰለው ተመልሶ ከተቀመጠ ድካሙ ከንቱ ይሆናል።

ከ2015 ወዲህ ደግሞ ግቤ 3 ውሃውን መያዝ ስለ ጀመረ የኦሞ ዓመታዊ ሙላት እንደ ቀድሞው አይደለም። ሙላቱ ሲሸሽ በእርጥቡ ዳር ማሽላ ይዘራ የነበረው ሰው ያ እርሻ ሲጠብበት ወደ ዓሣው ይበልጥ መጠጋቱ የማይቀር ነው። ከ2011 ጀምሮ በተጀመረው የኩራዝ ስኳር ልማት ምክንያትም ብዙ ሠራተኛ በወንዙ ዳር ሰፍሯል፤ የሰፈረው ሁሉ መጸዳጃ ያስፈልገዋል። በ2023 እና በ2024 ደግሞ ሐይቁ ራሱ ከፍ ብሎ የዳሰነችን ወረዳ አብዛኞቹን ቀበሌዎች በውሃ ሸፈነ፤ ብዙ አሥር ሺህ ሰዎች ተፈናቀሉ። የግጦሽ መሬት ውሃ ሲውጠው ከብቱ ያልቃል፣ ከብቱ ያለቀበትም ዲየስ ይሆናል። እንግዲህ ዓሣ የሚበላው ሰው እየበዛ፣ ውሃውም እየተጨናነቀ ነው።

ጂንካ ዛሬ ዩኒቨርሲቲና የግብርና ምርምር ማዕከል አላት፤ ናሙና ወደ አዲስ አበባ ለማድረስ ሁለት ቀን መጓዝ አያስፈልግም። ምርመራ የሚያደርጉ ጓደኞቻችን ከምግብ ቤቱ ማቀዝቀዣ ባይጀምሩ እንመርጣለን። በኦሞራቴ ዓሣ ከሚታጠብበት ውሃ፣ ከዚያም ከመኪናው ሣጥን፣ በመጨረሻም ከጂንካው ቢላዋና መክተፊያ ናሙና ይውሰዱ፤ ይህንንም ወንዙ በሞላበትና በጎደለበት ወራት ለየብቻው ያድርጉ። ከሥጋውም አስቀድሞ የሆድ ዕቃው ይመርመር፤ ዓሣ አራጁ ሆድ ዕቃውን የሚጥለው እናቶች እንስራቸውን በሚሞሉበት በዚያው ዳር ነውና።